ያልተቆረሰው ዳቦ

ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አቻምየለሽ፣
ዝግባ ማርያም፣ ቡሬ ዙሪያ

እቴቴ፣ እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? በርበሬውስ ዝናቡን ቻለው? እኔ በእመቤታችን ጸሎት ደህና ገብቻለሁ። ከቡሬ እስከ ማንኩሳ መኪና አጥተን በባጃጅ ተንገላታን እንጂ ሌላ ክፉ አላየንም። ደብዳቤዬ የዘገየው ወንዳወቅ በአይሱዙው ወደ እናንተ እስኪወርድ ስጠብቅ ነው። ስልኩ እንደሆነ ዝግባ ማርያም ላይ መጮህ ከተወ ሰነባበተ።

ለዘመን መለወጫው እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቅዱስ ዮሐንስን ከእርስዎ ቤት ሌላ ውዬ አላውቅም። ያ የዶሮ ወጥማ! እዚህ አብረውኝ ለሚያስተምሩት ሁሉ አውርቼላቸው ምራቃቸውን አስዋጥኋቸው።

አሁን በወንዳወቅ አፍ ወደላኩብኝ ጥያቄ ልምጣ። «እሑድ ዕለት ያላት ሴት ማን ናት በለው» ብለውታል አሉ። እቴቴ፣ ማንንም አላልሁም። እሑድ እዚያው ደብራችሁ የሰበክሁት ርእስ በዓላችንን ከባዕድ ልማድ እናጥራ የሚል ነው። እንቁጣጣሹም መስቀሉም የክርስቶስ ነው፤ አበባው ለምስጋና፣ ችቦው ለመስቀሉ ክብር ነው። የደጃፍ ደም ግን የማን ነው? «አንዲት እናት አውቃለሁ፤ በዮሐንስ ማለዳ ቀይ ዶሮ በራሷ ላይ አዙራ፣ የበሯ መድረክ ላይ አርዳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ የምትመጣ» ያልሁት ለምሳሌ ነው። ምሳሌ የሌለውን ሰባኪ ማን ይሰማዋል? ሕዝቡ እንዴት ጸጥ ብሎ እንዳዳመጠ አይተዋል። የደብሩ አባም እጄን ይዘው «አንደበትህ ይባረክ» ብለውኛል። ስለዚህ ልብዎ አይሸበር።

መስከረም 21 የማርያም ማኅበር ተራዎ መሆኑን አልረሳሁም። ባልመጣም በልቤ አብሬያችሁ ነኝ። ደግሰው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ጽዋውን ለቀጣዩ ባለተራ በሰላም ያስረክቡ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ልጅዎ ዲያቆን ክንፈሚካኤል


ዝግባ ማርያም፣ መስከረም 18 ቀን 2018

ልጄ ክንፌ፣

እንዴት ነህ? እንዴት ነህ? እንዴት ነህ? ሦስቴ ጠየቅሁህ። አንዱ ለራስህ፣ አንዱ ለእናትህ ነፍስ፣ አንዱ ደግሞ በደብዳቤህ ላልጠየቅኸኝ ነገር ነው። የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈቴን እያየህ ትስቃለህ፣ አውቃለሁ። ሳቅ፤ በርበሬ ለቅሜ የመጣ እጅ ከዚህ በላይ አይጽፍም።

ማንንም አላልሁም ካልህ ማንንም አላልህም። ምሳሌም ምሳሌ ነው። እኛ ባላገሮች ግን ምሳሌ ሲነገረን ባለቤቱን ፈልገን ካላገኘን ምሳ አይበላልንም። ይኸ ክፉ አመላችን ነው፤ አንተም እዚሁ ነው ያደግኸው።

መስቀል ደህና ዋለ። ደመራው በምሥራቅ በኩል ወደቀ፣ ዘመኑ እህል ይሆናል አሉ። እኔም ችቦዬን ይዤ ወጥቼ ነበር። ጎረቤቴ ወለተ ኢየሱስ፣ አንተን በልጅነትህ ከሰርዶ ላይ አንሥታ ያዘለችህ፣ እሷና እኔ ሁልጊዜ ችቧችንን አጋጥመን ነው የምናስደግፈው። ዘንድሮ ዞራ ከማዶ አስደገፈች። «ምነው?» ብላት «ጭሱ ዐይኔን አመመኝ» አለች። ደመራው ገና አልተለኮሰም ነበር።

አመዱን ግንባሬን ቀብቼ ገባሁ። ለማኅበሩ ጠላ ጠንስሻለሁ፣ ስንዴውን አስፈጭቻለሁ። ቤቱንም ለቅልቄዋለሁ። መድረኩን ደግሞ አጥቤዋለሁ፤ በሳሙና ነው ያጠብሁት። የቀረው ጉዝጓዙ ብቻ ነው።

ምግብህን በሰዓቱ ብላ። ለማስተማር ስትጮህ ጉሮሮህን እንዳያምህ፣ ዝንጅብል ልኬልሃለሁ።

አክስትህ አቻምየለሽ


ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 26 ቀን 2018

እቴቴ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ዳቦው ደረሰኝ! ወንዳወቅ በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ፣ ምንም ሳይነካው ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አመጣልኝ። እንዴት ያለ ድፎ ነው! የማኅበሩን ሰው ሁሉ አጥግበው ይኸ ተርፎ ከሆነ ድግሱ ድግስ ነበር ማለት ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ወስጄው አብራኝ የምታስተምረው ሠርክአዲስ ቆረሰችው፤ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም። ሁሉም መርቆዎታል። ጽዋውን ማን ተቀበለ? ወለተ ኢየሱስ ናት መሰለኝ ቀጣይዋ። አቶ ባምላኩስ እንደ ልማዱ መዝሙር አበላሸ?

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜው አደርሁ። ዛሬ ጠዋት ሠርክአዲስ ጠራችኝና «ያ ዳቦ የማኅበር ነው ያልኸኝ?» አለች። «አዎ» አልኋት። «የማኅበር ዳቦ ቄስ ባርኮ ሳይቆርሰው ከቤት ይወጣል እንዴ?» አለች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ቢላዋ ያሳረፍንበት የመጀመሪያዎቹ እኛ ነበርን።

እቴቴ፣ ማኅበሩ አልመጣም እንዴ? እውነቱን ይንገሩኝ።

ክንፈሚካኤል


ዝግባ ማርያም፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018

ልጄ፣

ዝናብ ነበር ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ጻፍሁትም፤ ከላይ የሰረዝሁት እሱ ነው። መስከረም 21 ፀሐይ ነበር። እንዲያውም ደስ የሚል ቀን ነበር፣ ጉዝጓዙ ሳይጠወልግ ዋለ።

ማንም አልመጣም። አባ መጥተው በር ላይ ቆሙ። «ሰዎቹስ?» አሉ። «የሉም» አልኋቸው። ለብቻዬ ዳቦ ባርኩልኝ ማለት አፈርሁ፣ እሳቸውም ልባርክልሽ ማለት አፈሩ መሰለኝ፣ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። ጠላውን ለመንገደኛ ቀዳሁት። ዳቦውን ግን መቁረስ እጄ እምቢ አለኝ። ሳታውቅ ትበላዋለህ ብዬ ነው ላንተ የላክሁት። ያቺ መምህርት ግን የሰው ቤት ሥርዓት ታውቃለች፤ ሰላም በልልኝ።

ጽዋው እዚሁ አለ። ነጭ ጨርቅ አልብሼ ከሥዕለ ማርያም ሥር አስቀምጬዋለሁ። ለአንድ ወር ማደሩ በረከት ነው፤ ተቀባይ አጥቶ ሲቀመጥ ግን ወደዚያ ግድግዳ መዞር ያሳፍራል። ስጸልይ ወደ በሩ ዞሬ ነው የምጸልይ።

ስለ ዶሮዋ ደግሞ አዎ፣ አድርጌዋለሁ። እዚህ ቤት በሙሽርነት ስገባ አማቴ ያሳየችኝ ነው። ዘንድሮስ ልተወው ብዬ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ቡሬ ላይ እንዲህ ሆነ ማንኩሳ ላይ እንዲህ ሆነ ሲሉኝ፣ አንተ ደግሞ በዚያው መንገድ ልትመለስ ነህ። ፈራሁ። ፈርቼ አደረግሁት። ደም በመቃንና በጉበን ቀቡ የሚለውንስ ከዘፀአት ያነበብህልኝ አንተ አይደለህም? ያኔ የሰማሁትን አምኜ፣ ያስረዳኝ ሳይኖር ቀረሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጠህ ነበር። ደሙንም አይተሃል፣ እኔንም አይተሃል። «እቴቴ፣ ይኸ ምንድን ነው?» ማለት ምን ከበደህ? አፍህ እንደሁ ሥራ አልፈታም ነበር፣ የዶሮዋን ጭን ትግጥ ነበርኮ! ሐሙስ ሥጋዋን በላህ፣ እሑድ ደሟን ለሕዝብ ሰጠህ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር አለች አገሬ።

ጉልበትዎ እንዴት ነው ብለኸኝ ነበር። ያመኛል። የንስሐ አባቴ ስግደት ሰጥተውኛል፣ እየሰገድሁ ነው። ከእግዚአብሔርስ የታረቅሁ ይመስለኛል። ከሰው ነው ያልታረቅሁት።

ተቆጥቼ ጻፍሁ። ይቅር በለኝ።
አቻምየለሽ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018

እቴቴ፣

ዛሬ ስለ ጤናዎ መጠየቅ አልቻልሁም፤ በየትኛው አፌ ልጠይቅ?

ደብዳቤዎን አንብቤ ለሁለት ቀን ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼን ቀና ብዬ አላየሁም። ያኔ «ማንንም አላልሁም» ብዬ የጻፍሁልዎ ውሸት ነው። እርስዎን ነው ያልሁት። ሕዝቡ አያውቃትም ብዬ እንኳ ነበር የጀመርሁት። «ቀይ ዶሮ» ስል ግን ከሴቶቹ መካከል ሁለቱ ወደ እርስዎ ዞሩ። እርስዎም ነጠላዎን እስከ ዐይንዎ ሳቡት። አየሁ፣ እቴቴ። ማቆም እችል ነበር። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጠኝ ጣፈጠኝና ቀጠልሁ። የማፍረው በዚህ ነው። ስብከቱ እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት ነው፤ እርስዎን የመታሁበት እጅ ግን የእኔ ነው።

ጭኑንም አስታወሱኝ። አዎ፣ ሁለተኛም ይጨምሩልኝ ብዬ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሰምቼ ስንቱን ሰው አስቤበታለሁ፣ ራሴን አንድ ቀን አላሰብሁበትም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። «ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው የሚለውን ሰብከኸው ታውቃለህ?» አሉኝ። «ብዙ ጊዜ» አልኋቸው። «እንግዲያው አንድ ቀን ደግሞ አድርገው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ለሰንበት ትምህርት ቤቱም ከእርስዎ ሳልታረቅ አልሰብክም ብያለሁ።

በጥቅምት 21 ልምጣ? ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ አክስቴን በድያለሁ ብዬ በስምዎ ይቅርታ ልጠይቅ። ጽዋውንም ተቀባይ ከጠፋ እኔ እቀበለዋለሁ፤ የኪራይ ቤቴ ጠባብ ቢሆንም ሰው ይቀመጥበታል። ምን ላድርግ? ያዘዙኝን አደርጋለሁ።

በደለኛ ልጅዎ ክንፈሚካኤል


ዝግባ ማርያም፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018

ክንፌ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብሁት። አንዴ ተናድጄ፣ አንዴ አልቅሼ። አሁን ሁለቱም ወጥቶልኛል፤ ስማኝ።

አቶ ባምላኩ መጥቶ ነበር፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው እሱ አይደል። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥም አለ። «እህቴ፣ ጽዋ እንዲህ ታስሮ አይከርምም። እስከ ጥቅምት 21 ከእጅሽ የሚቀበል ካልተገኘ አባ መጥተው ይወስዱታል፤ አንቺም ከማኅበሩ ትወጫለሽ» አለኝ። ምስኪን፣ እሱም ያፍር ነበር፣ ዐይኑን ከመድረኩ ላይ ማንሣት አቃተው። ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብሁት። ባሌ ሲሞት ድንኳኑን የተከሉት እነሱ ናቸው። የእናትህን ሬሳ ከቡሬ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። እኔንስ ማን ሊሸከመኝ ነው? ያለ ማኅበር መሞት እፈራለሁ ልጄ። ከሞቱ ይልቅ እሱን ነው የምፈራ።

ስለዚህ ና። ግን በስሜ ይቅርታ አትጠይቅ፣ ስሜን አትጥራብኝ! አንድ ጊዜ ሳትጠራው ይኸን ካመጣህ ብትጠራው ምን ልታመጣ ነው? አክስቴን በደልሁ ብለህም አታልቅስ። አንተ ስታለቅስ ሕዝቡ ላንተ ያዝናል፣ እኔ ባለዶሮዋ ሆኜ እቀራለሁ። ያየኸውን እንደተናገርህ የበላኸውንም ተናገር። በቃ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አትጨምር፤ መጨመር ትወዳለህ።

ጽዋውን አንተ አትቀበልም። አንተ ብትወስደው ዘመዷ ሸፈነላት ይላሉ። የማኅበሩ ሰው ከወሰደው ይወሰዳል፣ ካልወሰደው በገዛ እጄ ለአባ አስረክባለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። በዚህ መንደር የማን ዶሮ የት እንደታረደች አላውቅም አልልህም። ጎረቤት ነኝ፣ ጓሮ ለጓሮ እንተያያለን። ከአፌ ግን አይወጣም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዘንድሮ ያወቅሁት ይኸን ነው።

ጠላ ጠንስሻለሁ፣ ዳግመኛ።
አክስትህ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018

እቴቴ፣ ትእዛዝዎን ሰምቻለሁ፤ አንድ ቃል አልጨምርም። ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ወንዳወቅ 20 ማታ ያደርሰኛል፤ በ21 ቅዳሴው እንዳለቀ ግን ሳይመሽብኝ ልመለስ ብሎኛልና ማኅበሩን አልጠብቅም። ከእርስዎ ቤት ለማደር ስለማፍር አባ ዘንድ አድራለሁ።

ያችን የምናገራትን ከአሁኑ በቀን አሥር ጊዜ እደጋግማታለሁ። ለመስበክ ስወጣ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ክንፈሚካኤል


ዝግባ ማርያም፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018

ልጄ ክንፌ፣

እንዴት ገባህ? ከዐውደ ምሕረቱ ስትወርድ ደረጃው አደናቅፎህ ነበር፣ እግርህ አበጠ ወይ? እንዲያ አንገትህን ደፍተህ ስትወርድ ሮጬ ልይዝህ ነበር፣ ሰው በዝቶ ነው። እኔ ቤት አለማደርህ ግን ቆጭቶኛል። እንዲህ አይደረግም፤ የተጣላ ሰውም አልጋ ይነጠፍለታል።

በወንዳወቅ «ከሄድሁ በኋላ ምን ሆነ?» ብለህ ልከህብኛል። እነግርሃለሁ።

አንተ «ያን እሑድ ያልነገርኋችሁ ነገር አለ፤ ስለ ደሟ የሰበክሁላችሁን ዶሮ እኔ በልቻታለሁ፣ ጭኗንም ደግሜ» ስትል አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። አንተ ሳቁን ሰምተህ አንገትህን ደፋህ፤ እኔ ግን ነጠላዬን አልሳብሁም። ይኸን እወቅልኝ፣ ነጠላዬን አልሳብሁም።

ቤቴ ገብቼ ዳቦውን ከጉዝጓዙ መሀል አስቀምጬ በሩ ሥር ቁጭ አልሁ። ቆየሁ። ጥላው ግቢውን እስኪሞላ ማንም አልመጣም፣ እንዲያውም ጽዋውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ለአባ ልሰጥ ተነሥቼ ነበር። ያኔ ባምላኩ ብቅ አለ። መድረኩን እባብ እንዳለበት ተሻግሮ ገባና «ጠላ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለኝ። ከዚያ ሌሎቹ እየተጎተቱ ገቡ። ያልመጡም አሉ። የመጡትም እርስ በርስ አይተያዩም ነበር፤ ልጄ፣ እፍረት አንተና እኔ ብቻ የያዝነው መስሎኝ ነበር። ወለተ ኢየሱስ ከሁሉ ኋላ መጣችና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ተጸለየ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። አባ «ተቀባዩ ማን ነው?» አሉ። ሁሉም ጉልበቱን ማየት ጀመረ። እኔ ጽዋውን ይዤ መሀል ቤት ቆሜያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፣ መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ወለተ ኢየሱስ ተነሣች። ነጠላዋን አደገደገች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች። ስትቀበለኝ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «የእኔዋ ዶሮ ገብስማ ነበረች» አለችኝ።

ትከሻዋን ስሜ ለቀቅኋት። ይኸን የነገርሁህ እሷን አስፈቅጄ ነው። «ንገሪው፣ ብቻ እንዳይሰብክበት» ብላሃለች።

ይቅር አሉን ወይ ብለሃል። እኔ እንጃ። ትላንት ውኃ ስቀዳ አንዲቱ ቀድማ ሰላም አለችኝ፣ ሌላዋ እንዳላየችኝ ሆና አለፈች። እፍረቱም ከእኔ አልወጣም፤ መድረኬን ስሻገር ዛሬም ዐይኔ ወደ ታች ይሄዳል። ለከርሞ ዮሐንስ ዶሮዋ ከጓሮ ትታረዳለች፣ በራሴም አላዞራትም። መንገድህን እመቤቴ እንድትጠብቅልኝ ነግሬያታለሁ። አንተም ና፣ ከእኔው ቤት እደር፣ ጭኑም ያንተ ነው። የማይገባህን ነገር ስታይ ግን አፍህ ውስጥ ያለውን ዋጥና ጠይቀኝ።

ዳቦ ልኬልሃለሁ። ለሠርክአዲስም አካፍላት። አንድ ጎኑ የለም፤ ወንዳወቅ በላው ብለህ እንዳትቆጣው። ቄስ ነው የቆረሰው።

አክስትህ አቻምየለሽ